ረጅሙ ፖስታ

የእትዬ ዙህራ ሱቅ ወረታ ውስጥ፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች ከሚገናኙበት ላይ፣ ፊቱን ለጭነት መኪና አቧራ ሰጥቶ የቆመ ነበር። በስተግራ ስኳር፣ ሳሙና፣ ክብሪትና ላምባ ይሸጥበታል። በስተቀኝ ያለው መደርደሪያ ግን የሠራተኛቸው የያየህ ነው፤ ደብተር፣ ሉክ ወረቀት፣ ካርቦን፣ የቀለም ጠርሙስና ፖስታ የሚቀመጥበት። የእትዬ ዙህራ ባል ከሞቱ በኋላ ይህ መደርደሪያ ሊዘጋ ነበር። ያየህ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሶ ሥራ ሲፈልግ ወደ ሱቁ ገባና፣ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ጠፍቶት፣ የተዘበራረቁትን ደብተሮች በየመጠናቸው ይደረድር ጀመር። እትዬ ዙህራ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አዩት።

"አፍ የለህም መሰል። እጅህ ግን ይናገራል። በል ያዘው" አሉት።

ያዘው። ከፋብሪካ የሚመጣው ደብተር በሚጠፋበት ወራት ራሱ ይሠራ ነበር። ሉኩን አጥፎ በድርብ ክር ይሰፋዋል፤ ለሽፋኑ የሲሚንቶ ከረጢት ውስጠኛ ወረቀት ያለብሰዋል፤ በላዩ ላይ ከዋንዛ እንጨት በቀረጸው ማተሚያ ሥዕል ያሳርፍበታል። የፎገራ በሬ አለው፣ የጣና ታንኳ አለው፣ አንድ እግሩን አጥፎ የቆመ የረግረግ ወፍ አለው። ልጆች ለበሬው ይጣላሉ። ለቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ ከኪስ የሚገባ ትንሽ፣ ለሒሳብ ሠራተኛ ሰፊና ጀርባው የጠነከረ፣ መሠረተ ትምህርት ለሚማሩ እናቶች ደግሞ መስመሩ የሰፋ ደብተር ይሰጣል። ማንም ነግሮት አይደለም፤ ሰውየው ከበሩ ሲገባ እጁን ያይና ያውቀዋል። ሽፋንና መጠን በመምረጥ በወረታ የሚስተካከለው አልነበረም። የማይሆንለት መናገር ነበር።

በ1978 ዓ.ም. መስከረም ላይ ለጸሐይነሽ ታጨ። ጸሐይነሽ ከመንገዱ ማዶ ባለው የልብስ ስፌት ቤት የምትሠራ፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ እንኳ ወሬ የማታቋርጥ ልጅ ናት። ሽማግሌ ሆነው የሄዱለት አጎቱ አያ ኃይለ ሚካኤል ነበሩ። ያየህ አባቱ ቀድሞ፣ እናቱ በወሊድ ስለሞቱ ከርብ ወንዝ ማዶ በእሳቸው ቤት ነው ያደገው፤ የአጎቱ ሚስት ንግሥቲ በላም ወተት አሳደጉት። የእነሱ አንድ ልጅ ውባየሁ ከያየህ ጥቂት ዓመት ያንሳል። ሁለቱ ከአንድ ቁርበት ላይ ተኝተው፣ አንዱ የሌላውን ጋቢ እየጎተተ ነው ያደጉት።

ልጅቷ ከተፈቀደች በኋላ አያ ኃይለ ሚካኤል ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲነሡ ያየህን ወደ ዳር ጠሩት።

"ከጥምቀት በኋላ ይሁን ብለናል" አሉት። "ቀኑ ሲቆረጥ መጥተህ ትጠራኛለህ። እንደ ማንም ሰው ደጄ ላይ ቆመህ ትጠራኛለህ። ያኔ ውባየሁን ይዤ እመጣለሁ። እሱ ሚዜህ ነው፤ እኔ በአባትህ ቦታ እቀመጣለሁ።"

"እሺ፣ እመጣለሁ" አለ ያየህ። አጎቱ ከአባቱ ቦታ ላይ ተቀምጠው ካልመረቁት ሠርጉ ሠርግ አይመስለውም ነበር። ይህን ግን ለእሳቸው አልነገራቸውም። ራሱን ብቻ ዝቅ አደረገ።

በዚያ አገር ሠርግ የሚጠራ ሰው ከአጥሩ በር ላይ ቆሞ የቤቱን ጌታ በስሙ ይጣራል። ቤተሰቡ ሲወጣ ባርኔጣውን አውልቆ ቀኑን ይናገራል። ሴቶቹ እልል ይላሉ፤ ጎረምሶቹ ይቀልዱበታል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ደጅ ይሄዳል። የሚጠራው ሙሽራው ራሱ ከሆነ ቀልዱ ይበዛል። "ጎጆ ልትወጣ ነው? በዚህ ክንድ?" ይሉታል፤ ምሰሶ አምጥተው ተሸከም የሚሉም አሉ። ያየህ ይህን ባሰበ ቁጥር ጆሮው ይግል ነበር።

በኅዳር መጨረሻ ባሕር ዳር ያለ አንድ ማተሚያ ቤት ለእትዬ ዙህራ የናሙና አልበም ላከ። ወፍራም ጥቁር ገጾች ያሉት፣ በየገጹ አንድ አንድ የጥሪ ካርድ በሙጫ የተለጠፈበት ነው። ሰው ከዚያ መርጦ ያዝዛል፤ ስሙንና ቀኑን ጽፎ ይልካል፤ ካርዱ ታትሞ በአውቶቡስ ይመጣል። ወረታ ውስጥ የታተመ የሠርግ ካርድ ገና ብዙ ሰው አልለመደውም። ያየህ አልበሙን ቀን ተሌት አገላበጠው ማለት ይቻላል። ወረቀቱን በጣቱ ያሻል፤ ወደ ብርሃን ያዘነብላል፤ የሽፋኑን ቀለም በምራቅ ነክቶ ይለቅ እንደሆነ ያያል።

ጸሐይነሽ ክር ልግዛ ብላ መጣች። ክር የሚሸጠው ሌላ ሱቅ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። አልበሙን ገልጣ ወዲያው አንዱ ላይ ጣቷን አሳረፈች። እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ አራት ማዕዘን ካርድ ነው፤ በሽፋኑ ላይ ቀይ ጽጌረዳና የተቆላለፉ ሁለት ቀለበቶች ታትመውበታል።

"ይኸ ነው" አለች።

"የከረሜላ መጠቅለያ ይመስላል" አለ ያየህ።

"ታዲያ ሠርግ አይጣፍጥም እንዴ?" አሉ እትዬ ዙህራ ከስኳሩ ጆንያ በኩል። "ልጅቱ ባየችው ላይ ተወው።"

ያየህ ጥቂት ገጾች አሳልፎ ገለጠና ሌላ አሳያቸው። ረጅምና ጠባብ፣ ነጭ፣ አበባ የሌለበት ካርድ ነው። ዙሪያውን ቀጭን ቀይ መስመር ከቦታል፤ ጽሑፉ መሐል ላይ ረጋ ብሎ ተቀምጧል። አብሮት የሚሄደው ፖስታ እንደ እሱ ረጅም፣ ቡናማ ነው።

"ይኸ ክብር አለው" አለ። ስለ ወረቀት ሲናገር ድምፁ ይለወጣል። "እዩት፣ አይጮህም። የሚያነበው ሰው መጀመሪያ ስሙን፣ ቀጥሎ ቀኑን ያያል። አበባው ልጅ ያስቃል እንጂ ትልቅ ሰው አያስነሣም። እንዲህ ያለ ወረቀት ሲደርሰው ሰው ይነሣል።"

ይህን ያለው በልቡ አንድ ነገር አስታውሶ ነው። ትንሽ ልጅ ሆኖ በአጎቱ ቤት ሳለ፣ አንድ ቀን ከአውራጃ ረጅም ወረቀት መጣ። ወረቀቱ ሲገባ በቤቱ ያለው ሰው ሁሉ ከመደቡ ተነሥቶ ቆመ። ያየህ ያኔ መነሣታቸውን እንጂ ፊታቸውን አላየም።

ጸሐይነሽ ካርዱን አገላብጣ አየችው። "የግብር ደረሰኝ ነው የሚመስለው" አለች። ግን ፈገግ አለች። "ግዴለም፣ ሽፋን የምታውቅ አንተ ነህ። እኔ የማውቀው ከፈይ ነው። ለአጎትህ ግን ወረቀት አትላክ። ራስህ ሂድ።"

"ሥራው በዝቶብኛል።"

"ሥራ ነው ወይስ እነዚያ የሰፈር ጎረምሶች?"

ያየህ አልበሙን ዘጋ። "ካርዱ ከእኔ የተሻለ ይናገራል" አለ።

"ያየህ" አሉ እትዬ ዙህራ፤ "አፍህን ማተሚያ ቤት ልትልከው ነው?"

ሳቁበት፤ እሱም ሳቀ። ረጅሙ ካርድ ታዘዘ።

ካርዱ የመጣው ከገና በኋላ ነው። ያየህ ጥቅሉን ፈትቶ ባየው ጊዜ ደስ አለው፤ አንድ ፊደል አልተሳሳተም፣ ቀዩ መስመር አልተንሻፈፈም። አንድ የማያምር ነገር ግን አገኘ። የፖስታው ሙጫ አይይዝም ነበር። በሩዝ ውኃ አጣበቀውና ማጣበቂያው እንዳይታይ፣ መከደኛው ላይ የሱቁን ክብ ማኅተም በሐምራዊ ቀለም አሳረፈበት። ስሞቹን በእጁ ሊጽፍ ብዕር አንሥቶ ነበር፤ ከዚያ የእጅ ጽሕፈት ለእንዲህ ያለ ፖስታ አይመጥንም ብሎ፣ የሚያውቀው ጸሐፊ ዘንድ ሄዶ በጽሕፈት መኪና አስመታቸው። በዚያ ዘመን ወግ ከስሙ በፊት "ጓድ" አስጻፈበት። ለአጎቱ አንድ፣ ውባየሁም ሚዜ ነውና ሰው ተብሎ በራሱ ስም ሊጠራ ይገባዋል ብሎ ለእሱ ሌላ አዘጋጀ። ለጎረቤቶቻቸውም ጨመረ። ፖስታዎቹን ጎን ለጎን ደርድሮ ሲያያቸው፣ በዕድሜው ከሠራው ሁሉ ይህ የተዋጣለት መሰለው።

ቀጥሎ የሚያደርስ ሰው ፈለገ። አድማሴን መረጠ። አድማሴ የወረዳውን ወረቀት ተቀብሎ በፎገራ ሜዳ ላሉት ገበሬ ማኅበሮች የሚያደርስ፣ ርብ ሞልቶ ቢመጣ ወረቀቱን በራሱ ላይ አስሮ የሚሻገር ሰው ነው። በእጁ የገባ ወረቀት ጠፍቶ አያውቅም። ያየህ ያሰበው ይህንን ብቻ ነበር።

አድማሴ ወደ ሱቁ ሲገባ ሁለት ሾፌሮች ሲጋራ እየገዙ ቆመው ነበር። ያየህ ፖስታዎቹን በመደርደሪያው ላይ ገፋ አደረገለት።

"እነዚህን አያ ኃይለ ሚካኤል መንደር አድርስልኝ። ይኸ ለእሳቸው፣ ይኸ ለውባየሁ። ሌሎቹ ለጎረቤት ናቸው።"

አድማሴ አንዱን ፖስታ አንሥቶ በቁመቱ ለካው። "ምንድን ነው?"

ሾፌሮቹ ዞር ብለው አዩ። ያየህ "የሠርጌ ጥሪ ነው" ለማለት አፉን ከፈተ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ቀልድ፣ የትከሻ ጥፊውን፣ "ማን ናት?" የሚለውን ጥያቄ አሰበው። ጆሮው ጋለ።

"ያው … ጉዳይ ነው" አለ።

"የናንተ የከተማ ሰዎች ጉዳይ እየረዘመ ሄደ" አለ አድማሴ። ፖስታዎቹን ከሌሎቹ የወረዳ ወረቀቶች ጋር በአንድ የቆዳ ስልቻ ከቶ ወጣ።

ጥምቀት አለፈ። ያየህ ከአጎቱ ዘንድ መልስ አልጠበቀም፤ የተጠራ ሰው ራሱ መልስ ነው። የሠርጉ ቀን ደረሰ። ዳሱ ከእትዬ ዙህራ ቤት ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ተጣለ። የእትዬ ዙህራ ልጅ ሙህዲን ለእስላም እንግዶች የሚሆነውን ወይፈን አርዶ በሌላ ድንኳን አስናዳ። በዳሱ ራስ ላይ፣ ከሙሽሮቹ በስተቀኝ፣ ለአያ ኃይለ ሚካኤል ነጭ አጎዛ የተነጠፈበት ወንበር ተቀመጠ። በስተግራ የውባየሁ ቦታ ነበር።

ሙሽራይቱ መጣች፤ ሁለቱ ቦታዎች ባዶ ናቸው። "መንገዱ ሩቅ ነው፤ ከብት አስረክበው ነው የሚመጡት" አሉ ሽማግሌዎቹ። ምግብ ቀረበ፤ ባዶ ናቸው። ምርቃቱ እንዲዘገይ ተደረገ። ያየህ ሰው ከዳሱ በር በገባ ቁጥር ቀና ይላል። ጸሐይነሽ በዓይነ ርግቧ ሥር ሆና "ራስህ ጠራሃቸው አይደል?" ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችው። እሱ ወደ ዳሱ በር አየ።

ፀሐይ ዘንበል ስትል በዳሱ በር አድማሴ ገባ። ስልቻው በትከሻው ነው፤ በእጁ ረጃጅም ቡናማ ፖስታዎች ይዟል።

ከበሩ አጠገብ የተቀመጡት መጀመሪያ ዝም አሉ። ዝምታው ከመደብ ወደ መደብ እየተላለፈ እስከ ዳሱ ራስ ደረሰ፤ የከበሮ መቺው እጅ በአየር ላይ ቀረ። ከገጠር የመጡ ጎረምሶች የዳሱን ቅጠል ወደ ጎን ገፋ አድርገው አንድ በአንድ ወጡ። አንዲት እናት ልጇን በነጠላዋ ከለለች። የግዳጅ ውትድርና ከታወጀ ጀምሮ፣ በሜዳው ለዘመቻ የሚጠራ የልጅ ስም የተጻፈበት ረጅም ፖስታ የሚያመጣው አድማሴ ነበር። ያየህ ይህን ያውቅ ነበር። ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር። ግን ወረቀቱን ሲመርጥ የተመለከተው ወረቀቱን ብቻ ነው።

አድማሴ ግራ ተጋብቶ ቆመ። "ያየህን ፈልጌ ነው" አለ። "ሐሙሲት ከተማ ድረስ ስለ ዘለቅሁ ዘገየሁበት። ያንተን ወረቀት እንዳለ መልሼዋለሁ።"

"ለምን?" አለ ያየህ። ተነሥቶ ነበር።

"ማንም የለም ተባለ። መንደሩ ጎረምሳ አልባ ሆኗል። እቴ ንግሥቲ ከአጥሩ በር ወጥተው ነበር፤ ለውባየሁ ወረቀት አለ ስላቸው እጄን አዩ። አልነኩትም። ልጄ የለም፣ ከመኸር ጀምሮ የለም አሉኝ። ልጁ ሽምብራ ሲጠብቅ በዓይኔ አይቼው ነበር የመጣሁት።" አድማሴ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኔም ወረዳው ባንተ በኩል የላከው መስሎኝ ዝም አልሁ። ያልተነካ ወረቀት አልደረሰም ነው የሚባለው፤ ይህን ያህል ልርዳቸው ብዬ ነው። እኔም ልጅ አለኝ።"

ከዚያ ዙሪያውን አየ፤ ከበሮውን፣ ነጩን አጎዛ፣ ዓይነ ርግብ የለበሰችውን ልጅ።

"ሠርግ ነው እንዴ?" አለ። "የማን?"

"የኔ" አለ ያየህ።

አድማሴ ከፖስታዎቹ አንዱን ገልብጦ አየው። ባርኔጣውን አወለቀ። "አንተ ልጅ" አለ ቀስ ብሎ። "ሠርግ ነው ብትለኝ፣ ከርብ ዳር ጀምሬ እየዘፈንሁ አደርሰው ነበር እኮ።"

ምርቃቱን የሰጡት አንድ የሰፈር ሽማግሌ ናቸው። ጥሩ ምርቃት ነበር፤ ያየህ አንዱንም ቃል አልሰማውም።

ሙሽራ ከጫጉላው አይወጣም፤ ወግ ነው። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ያየህ ጫማውን ሲያስር ሌሎቹ ሚዜዎች ከበቡት። ጸሐይነሽ ከውስጥ ሆና "ተዉት ይሂድ" አለቻቸው። "ጫጉላው አይሸሽም።" ለእሱም ጨምራ "ስትደርስ ጮህ ብለህ ተጣራ። እንዳታፍር" አለችው።

ሜዳውን አቋረጠ። የጓያው እርሻ አብቦ ሰማያዊ ሆኗል፤ በሬዎቹ በረግረጉ ዳር ተኝተው ያመሰኳሉ። ርብ ከጉልበት በታች ነበር። ከአጎቱ አጥር በር ሲደርስ ቆመ፤ ባርኔጣውን አወለቀና ዕድሜውን ሙሉ ባላወጣው ድምፅ ተጣራ።

"አያ ኃይለ ሚካኤል! አያ ኃይለ ሚካኤል ቤት!"

የሚቀልድ ጎረምሳ ብቅ አላለም። የጎረቤት ውሻ ጮኸና ተወ። ብዙ ቆይቶ ንግሥቲ በሩን በትንሹ ከፈቱት። አይተው እንደ መደንገጥ አሉ፤ ከኋላው ሰው ይኖር እንደሆነ ወደ መንገዱ ተመለከቱ።

"ብቻህን ነህ?"

"ብቻዬን ነኝ፣ እናቴ። ውባየሁስ?"

"ሄደ" አሉ። "አድማሴ የመጣ ዕለት፣ ከእርሻው ሳይመለስ ሄደ። ወደ መተማ በደንቢያ በኩል የሚወርዱ ሰዎች ነበሩ፤ ለሰሊጥ እርሻ የቀን ሠራተኞች። ስንቅ እንኳ በጎረቤት ልጅ ነው የላክሁለት።"

ሌሎቹ ልጆች በረግረጉ ሸንበቆ ውስጥ ጥቂት ቀን ተደብቀው የሚፈልጋቸው ሲጠፋ ተመልሰው ነበር። የሄደው ውባየሁ ብቻ ነው።

አያ ኃይለ ሚካኤል ከቤቱ ጥላ ሥር ተቀምጠው ልጓም ይጠግኑ ነበር። ያየህ ጉልበታቸውን ስሞ ሁሉንም ነገር ነገራቸው። አንዲት ቃል ሳያስቀር፣ ሳይንተባተብ ነገራቸው። እሳቸው ልጓሙን አላስቀመጡትም።

"መጥተህ ትጠራኛለህ ብዬህ አልነበር?"

"ጠርቼዎት ነበር፣ አያ" አለና ሁለቱን ፖስታዎች ከደረቱ አውጥቶ የእሳቸውን እግራቸው ሥር አኖረው።

አጎቱ ፖስታውን አዩት። "ክፈተውና አንብበው" አሉ።

ያየህ ሐምራዊውን ማኅተም ቀዶ ካርዱን አወጣ። በፀሐይ ላይ ወረቀቱ ነጭ፣ ቀዩ መስመር ቀጭን ነበር። አነበበው፤ እስከ መጨረሻው፣ "በሠርጋችን ላይ እንድትገኙልን በታላቅ አክብሮት ጠርተናል" እስከሚለው።

"ጠርተናል ይላል?"

"ይላል።"

"ከዚህ ደጅ ሆኜ" አሉ አያ ኃይለ ሚካኤል "በርብ ማዶ የሚያገሳውን በሬዬን ለይቼ እሰማለሁ። ያንተን ድምፅ አልሰማሁም።" ከዚያ ድምፃቸውን አለዘቡት። "ወረቀቱ ግን ያማረ ነው። ክፉ አላሰብህም። አውቃለሁ።"

ያየህን ተቆጥተውት ቢሆን ይሻለው ነበር።

ንግሥቲ የውባየሁን ፖስታ ከያየህ እጅ ወስደው፣ በጽሕፈት መኪናው የተመታውን ስም በጣታቸው ተከተሉት። "መሠረተ ትምህርት ስገባ አንተ በሬ ያለበት ደብተር ሰጠኸኝ፤ መስመሩ የሰፋ" አሉት። "መጀመሪያ መጻፍ የለመድሁት የውባየሁን ስም ነው። ሽፋኑ እስኪያልቅ ያንኑ ስም ጻፍሁበት። ያን ቀን አድማሴ እጅ ላይ ከሩቅ ያየሁት እሱን ነው። የቀረውን ልይ አላልሁም። የቀረው ለእኔ ያው አንድ ነው።"

አጎቱ ወዲያው ፈረሰኛ ልከው ልጁን አስፈለጉ፤ ፈረሰኛው እስከ ደንቢያ ሄዶ ሳያገኘው ተመለሰ። ውባየሁ በዚያ ዓመት ለዘመቻ ከተመደቡት ልጆች ውስጥ አልነበረም። ለአባትና እናቱ አንድ ነውና ማኅበሩ አልፎት ነበር። በየካቲት ስብሰባ ላይ ግን ስሙ ሲጠራ አቤት የሚል ጠፋ። ከኮበለሉት ጋር ተቆጠረ። አያ ኃይለ ሚካኤል ለወንድሞቻቸው ሲናገሩ "ሳይፈለግ ሸሸ፤ ስለ ሸሸ ተፈለገ" ይሉ ነበር። ከዚያ ወዲያ ተመለስ ብሎ ሰው መላክም አስጊ ሆነ።

ከፋሲካ በኋላ፣ በገበያ ቀን፣ ንግሥቲ ወደ ወረታ መጡ። ከዚያ በፊት ወደ ሱቁ ገብተው አያውቁም። ከመደርደሪያው ፊት ቆመው ደብተሮቹን፣ ፖስታዎቹን ተራ በተራ አዩ። እትዬ ዙህራ በርጩማ አቀረቡላቸው፤ አልተቀመጡም።

"ያየህ" አሉ፤ "ወረቀት ታትማለህ አይደል? ልጄን የሚጠራ ወረቀት አትምልኝ።"

እትዬ ዙህራ የናሙናውን አልበም አውርደው በንግሥቲ ፊት ገለጡት። "ይምረጡ፣ እቴ" አሏቸው።

ንግሥቲ ገጾቹን በጥንቃቄ፣ በሁለት እጃቸው ገለጡ። ረጅሙ ካርድ ሲመጣ እጃቸውን ሰብስበው ጠበቁ፤ ያየህ ገጹን ገለጠላቸው። ጽጌረዳውና ቀለበቶቹ ካሉበት ላይ ቆሙ።

"ይኸ" አሉ። "ይኸን ቢያይ አይሸሽም።"

ጸሐይነሽ ከማዶ መጥታ ከበሩ ቆማ ነበር። ያየህ ቀና ብሎ አያት፤ እሷ ወደ መሬት አየች። ያን ቀን ጣቷን ያሳረፈችበት ካርድ ነው።

"ለአንድ ካርድ ማተሚያ ቤት አንልክም" አሉ እትዬ ዙህራ፤ ጥፍራቸውን ከሥሩ አግብተው ናሙናውን ከጥቁሩ ገጽ ላይ ቀስ አድርገው ላጡት። "እንኩ።"

ያየህ ብዕር አነሣ። በውስጠኛው ገጽ ላይ በእጁ፣ አንድ ፊደል ሳያዛንፍ ጻፈ፤ ወረቀቱ የሠርግ እንደ ነበረ፣ እናቱ ደህና እንደሆነች፣ ወንድሙ የእሱ ቦታ ባዶ እንደሆነ እንዳገባ። ስንቅና ሰው ይልኩለት ዘንድ ያለበትን ብቻ እንዲያስታውቅ ለመነው። ከዚያ ካርዱን አጥፎ፣ በሽፋኑ ጀርባ የውባየሁን ስም ሊጽፍ ሲል ንግሥቲ እጁን ያዙት።

"ስሙን አትጻፍበት። ስሙ ያለበት ወረቀት ነው ያባረረው። ፖስታም አታልብሰው፤ አበባው ይታይ።"

"ስም ከሌለው እንዴት ይደርሰዋል፣ እናቴ?"

"ሲያየው ያውቀዋል።"

ወደ መተማ የሚጭን አንድ ሾፌር ነበር፤ ሰው ደግ ነው የሚለው። ያየህ ካርዱን ይዞ መኪናው ድረስ ሄደ። በዚህ ጊዜ አላፈረም። ሾፌሩና ረዳቱ፣ ተሳፋሪዎቹም እየሰሙ፣ ውባየሁ መልኩ ምን እንደሚመስል፣ ቁመቱን፣ በግራ ቅንድቡ ላይ ያለችውን የበሬ ቀንድ ጠባሳ፣ አንድም ሳያስቀር ነገራቸው።

"የሰሊጡ እርሻ ስንትና ስንት ነው፣ ወንድሜ" አለ ሾፌሩ። ካርዱን ተቀብሎ ከፊት መስተዋቱ ጋር፣ ሰው ከውጭ እንዲያየው፣ ጽጌረዳዋን ወደ መንገዱ አዙሮ አቆመው።

መኪናው ወደ መተማ ሲሄድም ሲመለስም በሱቁ ፊት ያልፋል። ያየህ ድምፁን ለይቶ ስለሚያውቅ የያዘውን ደብተር አስቀምጦ ወደ በሩ ይወጣል። ሾፌሩ ገና ከሩቅ ሲያየው ራሱን ይነቀንቅለታል፤ አልተገኘም ማለቱ ነው። ካርዱ አሁንም እዚያው መስተዋቱ ሥር አለ። የዚያ አገር ፀሐይ ጠንካራ ነውና ጽጌረዳዋ እየነጣች፣ ቀለበቶቹም ከሩቅ አልታይ እያሉ ሄደዋል።